ሰሜን ድልድይና የወንድሜ ስም

የኮምፒውተር ጥገና ሱቁን የዘጋሁት ባለፈው ሚያዝያ ነው። ጡረታ ወጣሁ ማለት አልችልም፤ ዕድሜዬ ገና አርባ አልሞላም። ሥራው ግን ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኮምፒውተር ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ጠፋ። አሁን ላህ ወንዝ አጠገብ ባለ የችግኝ ጣቢያ አቮካዶ አዳቅላለሁ። ጥሩ ሥራ ነው። ዝም ይላል።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማሽን ስፈታና ስገጥም ኖርኩ። ስለዚያ ልጽፍ ነው የተነሣሁት። መጻፍ አልችልበትም፤ ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ግን ሥራውን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ መኳንንት አምና በኩላሊት ሞተ። እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ቡሬ ላይ "እጀ ሰባራው መኳንንት" ይባል ነበር። ያ ስም የእሱ አልነበረም። የእኔ ነበር። በአፌ ሳልናገረው ዓመታት አለፉ። እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምር።

አያ እለው ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። የፈተና ውጤቴ አላሳልፍ ሲለኝ "ና ከእኔ ጋር ተቀመጥ" አለኝ። ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ በሯ ወደ ምሥራቅ ስለሚከፈት ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ይገባል። ደሞዜ መጀመሪያ ምሳ ነበር። በኋላ ምሳና የቤት ኪራይ ሆነ።

አያ ማሽን ሊፈታ ሲል አሮጌ ጋዜጣ ይዘረጋል። በጋዜጣው ላይ የማሽኑን ቅርጽ በእርሳስ ይሥላል። ከዚያ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ፣ በሥዕሉ ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ ዓመት ሙሉ ብሎን መደርደር ብቻ ነበር ሥራዬ። ማሽኑን ከመንካቱ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ የሣጥኑን ባዶ ብረት ይነካ ነበር። ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መቃኑን እንደሚሳለም ነው የሚነካው። "በሰውነትህ ያለው ኤሌክትሪክ መጀመሪያ እዚህ ይውረድ" ይለኛል። ሙቀት ሲፈልግ በመዳፉ አይነካም፤ የእጁን ጀርባ ያስጠጋል። ማሽን ሲያስነሣ ሬዲዮ ይዘጋል፤ ማሽኑ ደህና ከተነሣ የሚያሰማትን አንዲት ጢጥ የምትል ድምፅ ለመስማት። "ተበላሽቷል" አይልም። "ደክሞታል" ነው የሚለው።

አንድ ክረምት ፈረስ ቤት ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሠራን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማሽኖቹን ከቀዝቃዛው መጋዘን አውጥተን ሙቅ ክፍል ስናገባቸው ብረታቸው እንደ ሰው ላብ ያወጣል። አያ በጨርቅ ሸፍኖ እስከ ከሰዓት ያስቀምጣቸዋል። ርዕሰ መምህሩ በየሰዓቱ እየመጡ "ዛሬም አልነቃም?" ይሉናል፣ ሕመምተኛ እንደሚጠይቁ። ሽንዲ ከተማ ደግሞ አንድ የቢሮ ኃላፊ ባለቤታቸው በጠለፉት ዳንቴል ኮምፒውተራቸውን ሸፍነው ያሠሩት ነበር።

"ብርድ እንዳይመታው ነው" አሉን።

አያ አልሳቀባቸውም። "ጌታዬ፣ ሲሠራ ያልበዋል፤ ሲተኛ ብቻ ያልብሱት" አላቸው። ከዚያ ወጥተን እስከ መኪናው ድረስ እየሳቅን ሄድን።

ጋሽ ምትኩን ያገኘነው ቡሬ ነው። ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ለገበሬዎች የመስኖ ቦይ የሚነድፉበት አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። በክፍሏ ውስጥ የአልጋ ወርድ ያለው የካርታ ማተሚያ ነበር፤ ያንን የሚያዘው ደግሞ አንድ ትልቅ አሮጌ ኮምፒውተር። ድሮ የሠሩበት የጥናት ሥራ ሲያበቃ በስጦታ የተሰጣቸው ነው። የንድፍ ፕሮግራማቸው ከዚያ ማሽን ውጭ አልከፈትም ይላል፤ ማተሚያውን የሚያገናኘው ካርድም የሚገባበት ቀዳዳ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ የለም።

አያ የማሽኑን ሣጥን መጀመሪያ የከፈተ ቀን ትዝ ይለኛል። ትዝ ይለኛል ስል እንደ ሕልም ነው፤ ብርሃኑን ነው የማስታውሰው። ማዘርቦርዱን፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ አውጥቶ ወደ በሩ አዘነበለው።

"ና እይ ይሁኔ" አለኝ። "አገር ነው።"

እውነትም አገር ነው። አረንጓዴ ሜዳ፣ በሜዳው ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ ቀጫጭን የመዳብ መንገዶች፣ በየቦታው እንደ መንደር የተሰበሰቡ ጥቃቅን ዕቃዎች። ስሌቱን የሚሠሩ ሁለት ፕሮሰሰሮች አሉት። በዚያ ዘመን ሰው ቤት የሚገኘው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነበረው፤ ይህ ግን ለከባድ ሥራ፣ ለካርታና ለሕንፃ ንድፍ ተብሎ የተሠራ ነው። በመካከላቸው ጥቋቁር ቺፖች ተቀምጠዋል።

"እነዚህ ናቸው ቺፕሴት የሚባሉት" አለኝ። "አንድ ዕቃ አይደለም፤ ማኅበር ነው። ይህኛው ሰሜን ድልድይ ይባላል። ፕሮሰሰሩ ከማስታወሻው፣ ሜሞሪ ከሚሉት፣ የሚፈልገውን ሁሉ በዚህ ነው የሚያሻግረው። ወዲያ ያለው ደቡብ ድልድይ ነው። ዲስኩ፣ ቁልፍ መጫኛው፣ ቀስ የሚለው ሁሉ በእሱ ይመጣል።"

"ፕሮሰሰሩ አይደለም እንዴ ዋናው?"

"ፕሮሰሰርማ ጉልበተኛ ነው። ሁለት ጉልበተኛ አንድ ቤት ስታስቀምጥ ምን ይሆናል? ሽማግሌ ያስፈልጋል። አንተ ተናገር፣ አንተ ጠብቅ የሚል። ሰሜን ድልድይ ሽማግሌው ነው። እሱ ከሌለ ጉልበቱ ሁሉ ከንቱ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ከሱቁ በር ላይ ሆኜ መንገዱን ሳይ መኪናውም ሰውም በአንድ ጥቁር ቺፕ ውስጥ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። ጎጃምን ዓባይ ይከባታል፤ እኛም በድልድይ ነው ከሰው የምንገናኘው። ይህን ለአያ ስነግረው "ልጁ ገባው" አለ። ሌላ ማንም አልነበረም። ለራሱ ነው የተናገረው።

እናታችን በታኅሣሥ ማለቂያ አረፈች። አርባዋ ሳይወጣ ጥር ገባ። ጋሽ ምትኩ ማሽኑን ፍኖተ ሰላም ድረስ በመኪና አመጡት፤ እየሠራ ድንገት ይቆማል። ቡሬ አጠገብ ያሉ ገበሬዎች ወንዝ ጠልፈው ቦይ ሊቆፍሩ ቀን ቆርጠዋል። ንድፉ አልቋል፤ ማተም ነው የቀረው።

አያ ከፍቶ አየና "አቧራ ነው፤ ማስታወሻውም ከቦታው ላልቷል። ቀላል ነው" አለ። ከዚያ ስለ ተዝካሩ ከካህናቱ ጋር ሊነጋገር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሲወጣ "እስክመጣ አትንካው" አለኝ።

በበጋ ወራት አያ አንድ ሕግ ነበረው። በታኅሣሥና በጥር፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ሹራብና ጋቢ ለብሶ ማሽን መንካት የለም። ሹራብ ስናወልቅ ጣ ጣ እያለ ብልጭ የሚለውን ማንም ሰው ያውቀዋል። ያቺ ብልጭታ ለሰው ጨዋታ ናት፤ ለቺፕ መብረቅ ናት። እኔ ግን ሐዘንተኛ ነበርኩ። ከጥቂት ቀን በፊት አክስቴ በሱቁ በር ስታልፍ ትከሻዬ ባዶ ሆኖ አይታኝ፦

"እናትህን ቀብረህ ገና አፈሩ ሳይደርቅ፣ ደረትህን ከፍተህ ትቀመጣለህ? ሰው ምን ይላል? አንተስ ምን ዓይነት ልጅ ነህ?" አለችኝ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ስለዚህ ከናይለን ሹራቤ በላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ነበር የምውለው። ያን ቀንም እንዲሁ።

ለምን ነካሁት? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። አያ ሲመለስ አልቆ እንዲያየው ፈልጌ ይመስለኛል። በዚያ ሰሞን ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ብሩሽ ይዤ አጎነበስኩ። ጋቢው ከትከሻዬ ሸርተት አለ፤ ወደ ላይ ሰበሰብኩት፤ በሹራቡ ላይ ታሸ። ብረቱን ሳልነካ ጣቴን ወደ ሰሜን ድልድዩ ሰደድኩ።

ጣ አለ። ትንሽ፣ ሰማያዊ። ጣቴን ነደፈኝ።

ከዚያ ምንም የለም። ማዘርቦርዱ እንደ ነበረ ነው። መልኩ አልተለወጠም። ገጥሜ ሳስነሣው ማራገቢያው ዞረ፤ ድምፁን ግን አላሰማም። ጠበቅሁ። ደግሜ አስነሣሁ። ማራገቢያው ብቻ።

አያ ሲመጣ ጋቢዬን እንደ ለበስኩ ቆሜ ነበር። እሱ ማሽኑን አስነሣው፤ የእጁን ጀርባ በየቺፖቹ ላይ አዞረ። ሰሜን ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ እጁ ቆመ። ከዚያ እኔም አስጠጋሁ። ሌሎቹ ቀዝቃዛ ናቸው። እሱ ግን እንደ ትኩሳተኛ ሕፃን ግንባር ይፋጅ ነበር።

"ጋቢውን ለብሰህ ነው?" አለኝ።

"አዎ አያ።"

ማሽኑን አጠፋውና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጋዜጣው ላይ የቀሩትን ብሎኖች አየ።

በማግሥቱ ጋሽ ምትኩ መጡ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ከበር ላይ ነው የጀመሩት።

"እህ መኳንንት! ተነሣልህ ሽማግሌው?"

"አልተነሣም ጋሼ።"

"ለምን? አቧራ ነው አላልከኝም?"

"ገደልኩት ጋሼ። ሳልጠነቀቅ ነካሁት።"

እኔ አጠገቡ ቆሜአለሁ። አፌን ከፈትኩ። አያ ሳያየኝ እግሬን በጫማው ረገጠኝ፤ በኃይል።

"አንተ?" አሉ ጋሽ ምትኩ። "አንተ ራስህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሰዎቹ ቀን ቆርጠዋል እኮ! ዝናብ ሳይመጣ መቆፈር አለበት እኮ!"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ታውቃለህ! አውቀህ ነው? እጀ ሰባራ!" አሉትና ወጡ። ባርኔጣቸውን ረስተው ነበር፤ አያ ሮጦ ሰጣቸው። ተቀበሉት እንጂ አላመሰገኑትም።

ሲመለስ አለቀስኩ። "ለምን?" አልኩት።

"አንተ ገና ስም የለህም" አለኝ። "በዚህ ስም ልትጀምር ነው? እኔ ያለኝ ይበቃኛል። ደግሞ ሐዘንተኛ ነህ።"

እሱም ሐዘንተኛ ነበር። እናታችን የሁለታችንም ናት። ያን ጊዜ ግን ይህን አላሰብኩም።

አያ ባሕር ዳር ካለ ጓደኛው፣ ከተጣሉ ዕቃዎች መካከል፣ የዚያው ዘመን ሌላ ሙት ማዘርቦርድ አገኘ። በላዩ ላይ ያው ሰሜን ድልድይ አለ። ቺፑ ከሁለት መቶ የሚበልጡ እግሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ከጤፍ ቅንጣት ይቀጥናል። የሞተውን ነቀለ፣ የተረፈውንም ነቀለ፤ ከዚያ እግር በእግር፣ በአጉሊ መነጽር፣ በቀለጠ ቆርቆሮ አጣበቀው። ሦስት ሳምንት። ጠዋት ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ይጀምራል፤ ብርሃኑ ሲሄድ ያቆማል። ትንፋሹን ይዞ አንድ እግር፤ ተንፍሶ ሌላ እግር። እኔ ጋቢዬን አውልቄ፣ ባዶ ትከሻዬን ሆኜ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አክስቴ ብታልፍም ግድ አልሰጠኝም።

የጨረሰ ቀን ሬዲዮውን ዘጋ። ብረቱን ነካ። አስነሣው።

ድምፁን አሰማ።

ከዚያ ስክሪኑ በራ። አያ የጋሽ ምትኩን ንድፍ ከፈተ፤ የቡሬ ኮረብታዎች በቀጫጭን መስመሮች አንድ በአንድ እየተሣሉ ወጡ፤ ወንዙም መጣ፣ ቦዩም። የሆነ ቦታ ውሃ ሲፈስ የምሰማ መሰለኝ። ሦስት ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ መስመሮቹ ባሉበት ቀሩ፤ ስክሪኑም ጠቆረ። ተመልሶ አልተነሣም።

"ደክሞታል" አለ አያ። "ይረፍ።"

ጋሽ ምትኩ ንድፉን በእጃቸው፣ በሸንበቆ ብዕር ደግመው አወጡት። እስኪጨርሱ ዝናቡ ገባ። ገበሬዎቹ አንድ በጋ ያለ ውሃ አሳለፉ፤ ቦዩ የተቆፈረው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ስሙ ቡሬ ላይ ተዳረሰ። መጀመሪያ በቁጣ፣ በኋላ በቀልድ፣ በመጨረሻ ያለ ምንም ስሜት፣ እንደ ሰፈር ስም። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። የቡሬ ሰዎች ለእኔ ሥራ ማምጣት ጀመሩ። አንድ ጊዜ ኮምፒውተር መጣ፤ በሣጥኑ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ "ይሁኔ ብቻ ይክፈተው"። አያ ጮክ ብሎ አነበበው። ሳቀ። ከዚያ ከወንበሩ ተነሥቶ መፍቻውን በሁለት እጁ አቀረበልኝ።

"ጌታው፣ ይክፈቱት እንጂ! ሰው ይጠብቃል።"

"አያ፣ እነግራቸዋለሁ።"

"ከነገርካቸው ለሁለታችንም አያመጡም። ክፈት።"

እንዲህ ነው እንጀራችንን የበላነው። ክፍያ ስቀበል ደረሰኙ ላይ የእኔ ስም ይጻፋል። የከበደውን ቺፕ ግን እሱ ነበር ከጀርባ ሆኖ የሚያጣብቀው።

ኩላሊቱ ሲደክም ባሕር ዳር እየወሰድኩ አሳክመው ነበር። መንገድ የሚዘጋበት ቀን ነበር፤ ያን ቀን ቤት እንውላለን። እንደዚያ ባለ አንድ ቀን "አያ፣ አሁን ልንገራቸው?" አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሰምቶኝ እንደሆነ እንጃ።

"ያቺ ቺፕ እኮ ሦስት ደቂቃ ሠራች" አለ። ፈገግ አለ። "አየህ? ከሁለት መቶ እግር አንዷ ናት ያልያዘችው። የቷ እንደሆነች ባውቅ።"

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ለቀብሩ ከቡሬ ብዙ ሰው መጣ። አቶ ሙላት የሚባሉ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ተጫዋች ሰው ናቸው፣ ትከሻዬን አቅፈው አጽናኑኝ። "እጀ ሰባራ ቢሆንም" አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ደግ ሰው ነበር።" ከልባቸው ነው። ያቺ ቃል ግን ከአፈሩ ጋር አብራው ስትወርድ አየኋት። ወር አልተኛሁም። ዓመት ዝም አልኩ። ሱቁን ዘጋሁ። ሱቁን ስዘጋ ከዚህ በላይ ዝም የምልበት ምክንያት አጣሁ። ያ ስም ወደ እኔ ቢመለስ የሚጎዳ ሥራ አልቀረኝም፤ የቀረው የእሱ ስም ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ቡሬ ሄድኩ። ጋሽ ምትኩ ከቅዳሴ ተመልሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ፈዟል።

"ማነው?"

"ይሁኔ ነኝ ጋሼ። የመኳንንት ወንድም።"

"ነፍሱን ይማረው። ቁጭ በል።"

አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳቸው። ጋቢውን፣ ሹራቡን፣ ብልጭታውን፣ የረገጠኝን እግር። ስጨርስ ይራገሙኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ባርኔጣዬን ሮጦ ሲያመጣልኝ እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላልኩትም። ዱላዬን አቀብለኝ።"

"የት ነው ጋሼ?"

"ሰንበቴ። ሰዎቹ አሁን ተቀምጠዋል። እኔ አወጣሁት፣ አንተ ደበቅኸው። አብረን እንሂድ።"

የሰንበቴው ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። ሃያ ያህል ወንዶች ተቀምጠዋል፤ አቶ ሙላት በመካከል። ጋሽ ምትኩ በዱላቸው ወለሉን መቱና "መኳንንትን እጀ ሰባራ ያልኩት በስሕተት ነው። ይህ ልጅ ይናገራል" አሉ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ቃሉ አጭር ነበር፤ ማውጣቱ ነው የረዘመው።

"ማሽኑን የገደልኩት እኔ ነኝ። እሱ አልነካውም።"

ከዚያ አቶ ሙላት ጠላቸውን አስቀመጡ።

"ቆይ እንጂ ወንድሜ። ሰውዬው በአፉ እኔ ነኝ ብሏል። ዛሬ መቃብሩ ላይ ቆመህ ውሸታም ልታደርገው ነው?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የሙት ቃል በእኛ ዘንድ አይነካም። ወደ ጋሽ ምትኩ ዞርኩ፤ እሳቸውም እኔኑ አዩኝ። መልሱ የእኔ ነው።

"አዎ" አልኩ። "ዋሽቷል። አንድ ጊዜ፣ ለእኔ ብሎ። ግን ለባለሙያ... ውሸታም መባል ይሻለዋል እንጂ እጀ ሰባራ መባል አይሻለውም። እኔ እጁን አውቀዋለሁ። ከሁለት መቶ እግር በላይ በሦስት ሳምንት አጣብቋል። ያ እጅ አልተሰበረም።"

አንድ ሽማግሌ ከጥግ "እውነቱን ነው" አሉ። ሌላው "ለባለሙያማ እጁ ነው" አለ። ጋሽ ምትኩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ሁሉም ተነሡና "ነፍሱን ይማር" አሉ። "መኳንንት" ብለው፤ ከፊቱ ምንም ሳይጨምሩ።

አቶ ሙላት ግን ጨዋታ አይተዉም። ስንቀመጥ በጣታቸው አመለከቱኝ።

"ስሙ ግን ባለቤት አልባ ሊቀር ነው ማለት ነው?"

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ቀን በፊት መቼ እንደሳቅሁ አላውቅም።

ወደ መናኸሪያ ስሄድ ፀሐይ ነበር። የእህል በረንዳውን አልፌ፣ ለፍኖተ ሰላም የሚጫነው መኪና ጋ ልደርስ ስል፣ ከኋላዬ በመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

"እጀ ሰባራ! እጀ ሰባራው!"

ዞርኩ።

"አቤት" አልኩ።